የሚሄድ ሞተር አይከፈትም

ዝናቡ ባይመጣ ኖሮ ጋሽ ብሎን ማንንም ሳያዩ፣ ማንም ሳያያቸው ቤታቸው ይገቡ ነበር። ከምርመራ ማእከሉ ወጥተው አንገታቸውን ቀብረው፣ የግንቡን ጥግ ይዘው ሲሄዱ ዶፉ ድንገት ወረደና ከጎን ካለው የፎቶ ኮፒ ቤት ታዛ ሥር ዘው አሉ። እዚያ ደግሞ የሟች ባልንጀራቸው ልጅ፣ መምህርቷ፣ የፈተና ወረቀቶቿን በላስቲክ ሸፍና ዝናቡ እስኪያባራ ትጠብቃለች። ከዚህ በኋላ መሸሻ የለም።

በያዙት ፖስታ የተናደዱት ያኔ ነው። የሐኪም ቤት የፊልም ፖስታ ሰው ምስጢሩን እንዳይሸሽግ ታስቦ የተሠራ ይመስላል። ኪስ አይገባ፣ አይታጠፍ፤ ኮት ውስጥ ሲሸጉጡት ጫፉ አገጭ ሥር ብቅ ይላል።

«ጋሼ! እንዴት ዋሉ? ወደዚህ ደግሞ ምን እግር ጣለዎት?» አለች ጎንበስ ብላ።

«ደህና ነኝ፣ እግዜር ይመስገን። እንዲያው ሥራ ነው ልጄ። ይሄም የደንበኛ ዕቃ ነው፤ የአንድ መኪና ንድፍ።»

ፖስታው ላይ የሰው የጎድን አጥንት ታትሞበታል። ጋሽ ብሎን ውሸት ያልለመዱ ሰው ናቸውና ሲዋሹ የልጅ መሳቂያ ይሆናሉ። መምህርቷ ግን አልሳቀችም። እንዲህ ያለውን ፖስታ ለአባቷ ከአንዱ ሐኪም ቤት ወደ ሌላው ስትሸከም ከርማለች፤ ከሩቅም ታውቀዋለች።

«ከመንገዱ ማዶ ሻይ ቤት አለ። ዝናቡ እስኪያባራ እንቀመጥ» አለች፤ መልስም ሳትጠብቅ ክንዳቸውን ያዘች።

እንግዲህ እኚህ ሰው መካኒክ ናቸው። ኪሳቸው ከብሎን ተለይቶ ስለማያውቅ የወጣላቸው ቅጽል ስም እናታቸው ያወጡላቸውን ስም ውጦ አስቀርቶታል። የመምህርቷ አባትም መካኒክ ነበሩ፤ የያዙትን ነገር ስለማይለቁ «ፒንሳ» ይባሉ ነበር። ሁለቱ ጢማቸው ሳያቀመቅም አንድ ጋራዥ ከፍተው፣ አንድ ጉድጓድ ውስጥ ከመኪና ሥር ተጋድመው አረጁ። ፒንሳ ባለፈው ዓመት ቀዶ ጥገና ተደርጎላቸው ሳይነሡ ቀሩ። በጋራዡ ውስጥ ስለዚህ ሞት የሚነገረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ቢላ ጨረሰው»።

በዚያ ጋራዥ አንድ ሕግ አለ፤ ያወጡትም ጋሽ ብሎን ናቸው። «የሚሄድ ሞተር አይከፈትም» ይላሉ። ለሞተር መጥፎ ሕግ አይደለም። አንዴ የተከፈተ ሞተር እንደ ፋብሪካው አይጠብቅም፤ መኪና ሻጩ ሁሉ «እጅ ያልገባበት ነው» እያለ የሚምለው ለዚህ ነው። ችግሩ ሰው የሙያውን ሕግ ከጋራዥ አውጥቶ ገላው ውስጥ ሲያስገባው ነው።

ሻይ ቤቱ ባዶ ነበር። በመስኮቱ አጠገብ ተቀመጡ። ፖስታው የወንበሩን እግር ተደግፎ ቆመ።

«ይንገሩኝ ጋሼ» አለች መምህርቷ፤ «ከእኔ አይወጣም።»

«ምን ይነገራል ልጄ፣ አልቆልኛል» አሉ። ቀጥሎ ግን የታፈነ ነገር መውጫ ሲያገኝ አይመለስምና አወጡት። «ጨጓራዬን ያቃጥለኝ ነበር። ሐኪሙ ሐሞትህ ላይ ጠጠር እንዳለ እንይ ብሎ ለአልትራሳውንድ ላከኝ። ሐሞቱ ንጹሕ ነው፣ ጉበቱም ደህና ነው። የምትመረምረኝ ልጅ ጨዋታ ወዳድ ናት፤ ስለ መኪናዋ እያወራችኝ ነበር። መሣሪያውን ወደ ግራ ጎኔ ስታመጣው ዝም አለች። በቃ፣ ዝም አለች። እኔም እንዲሁ ነኝ እኮ፤ ሞተር ሳዳምጥ የማልወደው ድምፅ ከሰማሁ ባለቤቱን ማናገር አቆማለሁ። ያኔ አወቅሁት። ግራ ኩላሊቴ ላይ እብጠት አለ። በአጋጣሚ የተገኘ ነው ይላል ወረቀቱ። አየሽ፣ ሞትም በአጋጣሚ ይገኛል!»

«ቀጥሎስ ምን ያድርጉ አሉዎት?»

«ሲቲ ስካን ተነሣ አሉኝ። አልነሣም። ይሄን ፖስታ እሳት አበላዋለሁ።»

«እትዬስ ያውቃሉ?»

«ጨጓራ ነው እላታለሁ። ሆድ ይፍጀው።»

መምህርቷ ወረቀቱን ለማየት ፈቃድ ጠየቀች። ቀስ ብላ ሁለት ጊዜ አነበበችው። ጋሽ ብሎን ፊቷን ሲያዩ ዳኛ ፊት የቆሙ መሰላቸው፤ የሻዩን ብርጭቆ ሳይቀምሱ መልሰው አስቀመጡት።

«ጋሼ፣ እዚህ ላይ ካንሰር የሚል ቃል የለም።»

«ለበሽተኛው ይጽፉለታል እንዴ? ይደብቁታል እንጂ።»

«አልደበቁም፤ አያውቁትማ! ይህ ምርመራ እዚያ ቦታ አንድ ነገር አለ ይላል እንጂ ምንነቱን አይናገርም። ውሃ የቋጠረ ከረጢት ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለው በእርስዎ ዕድሜ ባሉ ሰዎች ኩላሊት ላይ ብዙ ጊዜ ይታያል፤ አብዛኛው ምንም ሳያደርግ አብሮ ይኖራል። ጠጣር ሥጋም ሊሆን ይችላል። ጠጣር ሆኖም ጉዳት የሌለው አለ። ክፉውም ሊሆን ይችላል፤ አልዋሽዎትም።»

ከዚህ ሁሉ ጋሽ ብሎን የሰሙት የመጨረሻውን ብቻ ነው። ተስፋ የቆረጠ ሰው ከተነገረው መካከል የሚያስቀምጠው የሚገድለውን ነው።

«ይኸው፣ አንቺም አልሽው።»

«የምነግርዎ ለመሸንገል አይደለም። እየለመንኩ ያለሁት ሳያዩት እንዳይፈርዱበት ነው። መጀመሪያ ደም ወስደው ኩላሊትዎ መድኃኒቱን ይችል እንደሆነ ያያሉ። ከዚያ በደም ሥር ማቅለሚያ ይሰጡና ያነሡታል። እብጠቱ ማቅለሚያውን ከጠጣ ደም የሚደርሰው ሥጋ ነው፤ ካልጠጣ ውሃ ነው። ከዚያ በኋላ ነው ምን ይደረግ የሚባለው። ቆይ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። የዘይት መብራቱ በርቶ እያየ የሚነዳ ሰው ጋራዥ ሲመጣ ምን ይሉታል?»

«እሰድበዋለሁ።»

«መብራቱን ስላየ ብቻ ሞተሩ ሞቷል ይሉታል?»

«አልልም፤ አያለሁ እንጂ» አሉና በራሳቸው አፍ እንደ ተያዙ ገብቷቸው ተቆጡ። «ተይኝ እባክሽ! እሱ መኪና ነው። መኪና መለዋወጫ አለው። ለእኔ መለዋወጫ ከየት ይመጣል?»

«ኩላሊት እኮ ሁለት ነው፣ ጋሼ። ሲፈጠሩም ከነመለዋወጫዎ ነው የተፈጠሩት።»

ሊስቁ ብለው ተዉት። መስኮቱን አዩ። ውጪ ሰዎች ጫማቸውን እያነሡ ጎርፉን ይሻገራሉ፤ የሚቸኩሉበት ነገር ያላቸው ሰዎች ናቸው። ጋሽ ብሎን ቀኑባቸው።

«ስሚኝ ልጄ፣ አንቺ የተማርሽ ነሽ፤ እኔ ደግሞ ያየሁ ነኝ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ይሄ ነገር ካልነኩት ተኝቶ ይኖራል። መርፌና ቢላ የነካው ቀን ነው የሚነሣው። ዛሬ ያነሡኛል፣ ነገ በመርፌ ይወጉኛል፣ ከነገ ወዲያ ይከፍቱኛል። አባትሽን በዐይኔ አላየሁም? በእግሩ ገብቶ በሳጥን ወጣ!»

ይህን ካሉ በኋላ ምላሳቸውን ቢቆርጡት በወደዱ። የመምህርቷ ፊት ዐመድ መሰለ። የሻይ ብርጭቆዋን ገፋ አደረገች።

«አባዬን የገደለው ቢላ አይደለም» አለች። «ቢላው ሲደርስለት አልቆ ነበር። ሁለት ዓመት ቀድሞ ያውቅ ነበር።»

«ማን?»

«አባዬ። ክሪክ ተንሸራቶ ጎኑን የመታው ጊዜ ትዝ ይልዎታል? የጎድን አጥንቱ ተሰብሮ እንደሆነ ሊመረመር ሄዶ፣ አጥንቱ ደህና ሆኖ ኩላሊቱ ላይ እንዲህ ያለ ነገር አገኙበት። እሱም በአጋጣሚ። ትንሽ ነበር። ሌላ ምርመራ ተነሣ አሉት፤ አልተነሣም። ለእማዬም ለእኔም አልተናገረም። እኛ የሰማነው ሽንቱ ደም ሲሆን ነው፤ ያኔ ሳንባው ውስጥ ገብቶ ነበር። ሐኪሞቹ የከፈቱት ሊያድኑት አይደለም፤ መድማቱን ሊያቆሙለት ነው።»

ጋሽ ብሎን ክሪኩ የተንሸራተተበትን ጊዜ ያስታውሱታል። አንድ ትልቅ አውቶቡስ ካምቢዮው ወርዶ ጉድጓዱ ላይ ቆሞ ነበር። ያስታወሱት ግን እሱን ብቻ አይደለም። ከጥቂት ቀን በኋላ ፒንሳ ጎናቸውን በፋሻ ጠፍረው ከጉድጓዱ አፍ ላይ ቁጭ ብለው ነበር፤ ጋሽ ብሎን ከታች ሆነው ያጠብቃሉ። ከላይ የወረደውን ድምፅ ቃል በቃል ሰሙት።

«ስማ ብሎን፣ አንድ ደንበኛ አለ» አሉ ፒንሳ። «መኪናው ምንም አላለውም። ዘይት አይበላ፣ አይጨስ። ለሌላ ነገር ሲያስመረምር ግን ሞተሩ ውስጥ አንድ ነገር አለ፣ ይታይ አሉት። አንተ ብትሆን ታስከፍተዋለህ?»

ጋሽ ብሎን ቀና ብለው እንኳ አላዩም።

«የሚሄድ ሞተር አይከፈትም። ንገረው!»

«እሺ፣ እነግረዋለሁ» አሉ ፒንሳ። ትንሽ ቆዩና ጎናቸውን ይዘው ተነሥተው ሄዱ።

ደንበኛው ማን እንደ ነበር ጋሽ ብሎን አልጠየቁም። እንዲያ ያለ መኪና ጋራዡ ገብቶ አያውቅም፤ ይህም አልገረማቸውም ነበር። ሁለት ሰዎች ዕድሜያቸውን ሙሉ ስለ ሞተር ብቻ ሲያወሩ ኖረው፣ አንዱ የሚናገረው ስለ ራሱ በሆነበት ቀን ሌላው የሚሰማበት ጆሮ አልነበረውም። «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ» ይባላል፤ የተባለው ለእንደዚህ ያለው ነው።

«ነግሮሻል?» አሉ። ድምፃቸው የእሳቸው አልመስል አላቸው። «ምን ብዬ እንደ መለስኩለት ነግሮሻል?»

መምህርቷ ዐይኗን ሰበረች። ልትዋሽ ፈልጋ ነበር፤ አልቻለችም።

«ነግሮኛል። ሐኪም ቤት ተኝቶ ሳለ ነው። አልተቀየመዎትም ጋሼ፤ እየሳቀ ነው የነገረኝ። እኔም ልነግርዎት አልነበረም።»

«እየሳቀ…» አሉና ባርኔጣቸውን አውልቀው ፊታቸውን ሸፈኑበት። የሻይ ቤቱ አስተናጋጅ ሌላ ሻይ ይምጣ ወይ ብላ ልትጠይቅ መጥታ ሳትጠይቅ ተመለሰች።

«እርስዎ የመለሱት ስለ መኪና ነው» አለች መምህርቷ። «የራሴ ሆድ ነው ብሎ ቢነግርዎት ኖሮ አዝለውት ነበር የሚወስዱት።»

«አልወስደውም ነበር» አሉ ከባርኔጣው ውስጥ። «አታጽናኚኝ። ይኸው የራሴን እንኳ ላቃጥል እኮ ነው የያዝኩት። ያንኑ ነበር የምለው።»

ብትፈልግ ኖሮ አንድ የሚያሳምር ቃል አታጣም ነበር፤ ግን ያሉት እውነት መሆኑን ሁለቱም ያውቁታል። እጇን ክንዳቸው ላይ አደረገች፤ ዝናቡም አባራ። ከዚያ ቀስ ብላ ተናገረች።

«እኔ ጋሼ፣ አባዬን ሳስታምም አንድ ነገር ተምሬአለሁ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል ተረት ይመስለኝ ነበር። ዘግይቶ የታወቀ በሽታ አስታማሚውንም ይገድላል፤ ማድረግ የሚቻል ነገር ሳይኖር ቁጭ ብሎ ማየት ነው። እማዬ እስከ ዛሬ ለምን አልነገረኝም እያለች ከፎቶው ጋር ትጣላለች። እትዬን እዚያ አያድርሷቸው። መጥፎም ቢሆን ሲነገራቸው አብረው ይሸከሙታል። እኔ ደግሞ እንደ ገና በር ላይ ቆሜ ‘ምነው ቀደም ብሎ ቢመጣ’ የሚል ሐኪም መስማት አልችልም።»

«እሄዳለሁ» አሉ ጋሽ ብሎን። «የምሄደው እድናለሁ ብዬ አይደለም። ከእንግዲህ ብድንስ ምን እሆናለሁ?»

«ለምንም ይሁን፤ ብቻ ይሂዱ።»

በማግሥቱ ለባለቤታቸው ነገሩ። ባለቤታቸው መጀመሪያ አለቀሱ፤ ቀጥለው ተቆጡ፤ ከዚያ ተነሥተው የታጠበ ሸሚዝ አወጡላቸው። «ብቻህን ልትፈጀው ነበር አይደል? እኔ ማን ነኝ ታዲያ፣ ጎረቤት ነኝ?» አሉ። ጋሽ ብሎን በዚያች ቤት ውስጥ አንድ ነገር ሲቀልላቸው ተሰማቸው፤ ሌላው ግን አልቀለለም፤ ለባለቤታቸውም ያንን ሌላውን አልነገሩም።

ደማቸው ተመርምሮ ጥሩ ነው ተባለ። የሲቲ ስካኑ ክፍል ነጭና ቀዝቃዛ ነው፤ መሐሉ የተበሳ ትልቅ ክብ መሣሪያ ውስጥ አልጋው እየተንሸራተተ ይገባል። ማቅለሚያው በክንዳቸው ሲገባ መላ ሰውነታቸውን ሙቀት አጠነው። «ትንፋሽዎን ይያዙ» ይላል ድምፁ፤ ይይዛሉ። «ይተንፍሱ» ይላል፤ ይተነፍሳሉ። ከዚህ በቀር የጠየቃቸው ነገር አልነበረም። ለዚህ ነው እንግዲህ ሰው የሚሞተው? ይህቺን ይህቺን ፈርቶ?

ውጤቱ የሚነገርበት ቀን ባለቤታቸው ጉልበታቸውን አሟቸው ስለ ነበር አብራቸው የገባችው መምህርቷ ናት። ሐኪሙ ወጣት፣ ትሑት ሰው ነው። ምስሉን ወደ እነሱ አዙሮ በእስክሪብቶው ጫፍ አመለከተ።

«አልደብቅዎትም አባቴ። እብጠቱ ማቅለሚያውን ጠጥቷል፤ ውሃ አይደለም፣ ጠጣር ነው። እንዲህ ያለው ብዙ ጊዜ ካንሰር ሆኖ ይገኛል። ከአምስቱ አንዱ ገደማ ግን ጉዳት የሌለው ይሆናል፤ ከምስሉ ብቻ መለየት አይቻልም።»

ጋሽ ብሎን ራሳቸውን ነቀነቁ። ጠብቀውት ነበር።

«ምን ይደረጋል?»

«በቀጭን መርፌ ናሙና ወስዶ ማየት ይቻላል። ሰውነቱ ለቀዶ ጥገና የደከመ ሰው ሲሆን ደግሞ በየጊዜው እያነሣን እንከታተለዋለን፤ እንዲህ ያለው አብዛኛው ቀስ ብሎ ነው የሚያድገው። እርስዎ ግን ልብዎም ደምዎም ደህና ነው። እኔ የምመክረው እብጠቱን ብቻ ቆርጠን ማውጣት ነው፤ ኩላሊቱ ይተርፋል።»

«ሲነካ አይሰራጭም?»

«ሁሉም ይህን ይጠይቀኛል። እጅግ ከስንት አንዴ ካልሆነ በቀር አይሰራጭም። ሰው ዘግይቶ ይመጣል፤ በሽታው ቀድሞ ተሰራጭቶ ይቆየናል፤ ከቀዶ ጥገናው በኋላ ሲሞት ቢላው ይከሰሳል። የእርስዎ ከኩላሊቱ አልወጣም። ከትንሽ ሎሚ አይበልጥም። በዚህ መጠን ሳለ የተገኘበት ሰው አብዛኛው ይድናል፤ ወደ ሥራው ይመለሳል፤ የልጅ ልጁን ይድራል። ደስ ይበልዎት እንጂ! ደጉ ነገር በጊዜ መምጣትዎ ነው።»

ሐኪሙ ይህን ሁሉ ያለው ሊያበረታቸው ነው። ቀድሞ መመርመር ምን እንደሚጠቅም ከዚህ የተሻለ የሚያስረዳ የለም፤ አንባቢም ይህንኑ ይያዝ፤ ለያዘው ሰው እውነተኛ ተስፋ ነው። ጋሽ ብሎን ግን እያንዳንዱን ቃል ሲሰሙ የሚያዩት ከጉድጓዱ አፍ ላይ ተነሥተው ጎናቸውን ይዘው የሚሄዱትን ሰው ነበር። ሐኪሙ የእሳቸውን ዕድል ባሳመረ ቁጥር የዚያኛው ሞት ይከብድባቸዋል።

«ዶክተር» አሉ፤ «ይህን ያህል ሳለ አይቶት ሁለት ዓመት የቆየ ሰውስ?»

«እርስዎ እኮ አልቆዩም።»

«ቢቆይስ?»

«የማላውቀውን ሰው በሽታ መናገር ይከብደኛል» አለ ሐኪሙ ምስሉን እየዘጋ። «ግን ለምን ይቆያል? ማን ነው ቆይ የሚለው?»

ጋሽ ብሎን አንገታቸውን ደፉ። በአጠገባቸው የተቀመጠችውን ልጅ ቀና ብለው ማየት አቃታቸው። እንባቸው እጃቸው ላይ ሲንጠባጠብ ሐኪሙ አይቶ ቀዶ ጥገናውን የፈሩ መሰለውና ወደ መምህርቷ ዞረ።

«አይዞዎት በያቸው። ልጃቸው ነሽ?»

መምህርቷ ዞር ብላ አየቻቸው። ጋሽ ብሎን ትንፋሻቸውን ይዘው ጠበቁ።

«አዎ፣ ልጃቸው ነኝ» አለች። «ቀጠሮው መቼ ነው?»